የትኛውን እንግዳ ቅንጣት እንፈልግ? የኒውትሪኖ ቴሌስኮፕ ዳታ ይዞ ለሚነሣ የጎንደር ተማሪ የንጽጽር መመሪያ

ጎንደር ላይ ፊዚክስን በሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩ ልጆች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርዕስ ፍለጋ ሲመጡ የሚያነሡት ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ በኒውትሪኖ ቴሌስኮፕ ሊገኝ የሚችለው አዲስ ቅንጣት የትኛው ነው ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ርዕስ ለመምረጥ አይበጅም፤ ምክንያቱም እስካሁን በእነዚህ ቴሌስኮፖች የተካሄደው የእንግዳ ቅንጣት ፍለጋ ሁሉ የተቋጨው «አልታየም» በሚል ቃል ነው። ስለዚህ እኔ ተማሪውን መልሼ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ቅንጣቱ ሳይታይ ቢቀር በእጅህ የሚቀረው ቁጥር ለማን፣ ለምን ይጠቅማል? ከዚህ በታች አራት የፍለጋ አማራጮችን የማወዳድረው በዚህ ጥያቄ መነሻነት ነው። ሁለት ዓመት ብቻ ያለው፣ በአንድ ላፕቶፕ የሚሠራና መብራት በጠፋ ቁጥር ስሌቱን ከመጀመሪያው የሚጀምር ተማሪን ታሳቢ አድርጌያለሁ።

በረዶ ወይስ ውኃ

ኒውትሪኖ እጅግ ቀላል ክብደት ያለው ቅንጣት ነው፤ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) የለውም፤ ከቁስ ጋር የሚጋጨውም ከስንት አንዴ ስለሆነ ራሱ አይታይም፤ የሚታየው ከግጭቱ የሚወለደው፣ ሙዮን የተባለው የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ ነው። ሙዮኑ በበረዶ ወይም በውኃ ውስጥ ብርሃን በዚያው ቁስ ውስጥ ከሚጓዝበት ፍጥነት በልጦ ሲሮጥ ቼረንኮቭ የሚባለውን ሰማያዊ ብርሃን ይለቅቃል፤ በጨለማው ውስጥ የተንጠለጠሉት ዳሳሾችም ብርሃኑ የደረሰባቸውን ቅጽበት በናኖሰከንድ ደረጃ ስለሚመዘግቡ የሙዮኑን መንገድ መልሶ መሳል ይቻላል። ፈተናው ከከባቢ አየር የሚዘንበው ሙዮን ነው። በደቡብ ዋልታ የሚገኘው አይስኪዩብ በየሰከንዱ ከ2,500 በላይ ሙዮኖችን ሲመዘግብ በዓመት ሙሉ የሚያገኘው ኒውትሪኖ 100,000 ያህል ብቻ ነው፤ ለአንድ ኒውትሪኖ ከ700,000 በላይ የማይፈለጉ ሙዮኖች ይደርሱታል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት የቴሌስኮፖቹ ዋና ብልሃት ወደ ታች መመልከት ነው፤ ምድርን ሰንጥቆ ከታች ወደ ላይ ሊመጣ የሚችለው ኒውትሪኖ ብቻ ነውና ምድር ራሷ ወንፊት ትሆናለች።

አንድ ተማሪ «ጣና አጠገባችን እያለ ለምን ደቡብ ዋልታ?» ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። ጥያቄው የሚያስቅ አይደለም፤ ሩሲያውያን ባይካል በሚባለው ሐይቃቸው ውስጥ በትክክል ይህንኑ አድርገዋል። ልዩነቱ ባይካል ላይ ቴሌስኮፑ በተተከለበት ቦታ ጥልቀቱ 1,366 ሜትር ሲሆን የጣና ትልቁ ጥልቀት ግን ከ14 ሜትር ገደማ የማይዘልቅ መሆኑ ነው፤ 14 ሜትር ውኃ የሙዮኑን ዝናብ አይመክትም፣ የፀሐይን ብርሃንም በቅጡ አያግድም።

አይስኪዩብ ከ1,450 እስከ 2,450 ሜትር ጥልቀት ባለው በረዶ ውስጥ በ86 ኬብሎች ላይ የተሰቀሉ 5,160 ዳሳሾች ያሉት ሲሆን ግንባታው የተጠናቀቀው በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) ነው። ኬብሎቹ 125 ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ መሐል ላይ ግን ዲፕኮር የተባለ ጠበቅ ብሎ የተተከለ ክፍል አለ፤ ዝቅተኛ ጉልበት ያላቸውን ኒውትሪኖዎች የሚይዘው እሱ ነው። በሜዲትራኒያን ባሕር ደግሞ አንታሬስ የተባለው ቴሌስኮፕ በ12 ኬብሎቹ እስከ እ.ኤ.አ. 2022 ሲሠራ ቆይቶ ሥራውን ለኬኤምስሪኔት አስረክቧል፤ ይኸኛው አርካ የተባለውን ክፍሉን በሲሲሊ አቅራቢያ በ3,500 ሜትር ጥልቀት፣ ኦርካ የተባለውን ደግሞ በቱሎን አቅራቢያ በ2,450 ሜትር ጥልቀት እየተከለ ነው።

በረዶና ውኃ የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። በረዶው ጸጥተኛ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው አቧራ ብርሃኑን ስለሚበትነው አቅጣጫ በመለካት ረገድ ይደክማል። ውኃው ብርሃንን ብዙም ስለማይበትን አቅጣጫን አጥርቶ ያሳያል፤ አርካ ሲጠናቀቅ በከፍተኛ ጉልበት ከ0.1 ዲግሪ ባነሰ ስሕተት አቅጣጫ ይለያል ተብሎ ይጠበቃል። ነገር ግን በጨው ውኃ ውስጥ ያለው ፖታሺየም 40 ሲበሰብስ የሚለቅቀው ብርሃንና ራሳቸው የሚያበሩት የባሕር ፍጥረታት ዳሳሾቹን ያለ ዕረፍት ይረብሻሉ።

ሌላው ልዩነት የቦታ ነው፤ ለምርጫችንም ወሳኙ ይህ ይመስለኛል። የሚልኪ ዌይ ማዕከል ከሰማይ ወገብ በስተደቡብ 29 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ ከደቡብ ዋልታ ሲታይ ዓመቱን ሙሉ ከአድማስ በላይ ነው፤ ምድር ለአይስኪዩብ ወንፊት ልትሆነው አትችልም። ለሜዲትራኒያኖቹ ግን የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ከእግራቸው በታች ነው። ስለዚህ ከማዕከሉ የሚመጣ ምልክት የሚፈልግ ወደ ውኃው ያዘንብል። ፀሐይን የሚፈልግ ደግሞ በሁለቱም ይጠቀማል፤ የአይስኪዩብ ጠባይ ግን ለእኛ ቀን መቁጠሪያ ደስ በሚል መንገድ ይገጥማል፤ ከመጋቢት አጋማሽ ገደማ እስከ መስከረም አጋማሽ ገደማ ፀሐይ እዚያ ከአድማስ በታች ናት። በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ፀሐይ በፋሲል ግንብ አናት ላይ ቀጥ ብላ በምትቆምበት ቀትር፣ በደቡብ ዋልታ ከአድማስ 12.6 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብላ ትገኛለች፤ ቁጥሩ የጎንደር ኬክሮስ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከፀሐይ እምብርት

የመጀመሪያው አማራጭ ጨለማ ቁስን፣ ማለትም መኖሩ በስበቱ ብቻ የታወቀውን የማይታይ ቁስ፣ በፀሐይ ውስጥ መፈለግ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ጨለማ ቁስ ከባድና ደካማ ግንኙነት ካላቸው ቅንጣቶች የተሠራ ከሆነ፣ ፀሐይ በጋላክሲው ውስጥ በሰከንድ 220 ኪሎሜትር ያህል ስትጓዝ ከእነዚህ ቅንጣቶች አንዳንዶቹ ከሃይድሮጅኗ ጋር ተጋጭተው ፍጥነታቸውን ያጣሉ፣ በስበቷም ይያዛሉ፣ ቀስ በቀስም በእምብርቷ ይጠራቀማሉ። በዚያ እርስ በርሳቸው ተገናኝተው ሲጠፉ ከሚወለዱት ቅንጣቶች መካከል ከፀሐይ ሆድ ማምለጥ የሚችለው ኒውትሪኖ ብቻ ነው።

የዚህን ፍለጋ ውበት የማየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ምልክቱ ከሌላ ነገር ጋር አይምታታም፤ ፀሐይ በኑክሌር ውህደት የምታመነጨው ኒውትሪኖ ጉልበቱ ከጥቂት ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት (ኤሌክትሮንቮልት የቅንጣት ጉልበት መለኪያ ነው፤ ከሜጋ ወደ ጊጋ፣ ወደ ቴራ፣ ወደ ፔታ በየደረጃው ሺህ እጥፍ ያድጋል) ብዙም ስለማይርቅ፣ ከእሷ አቅጣጫ 100 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት ያለው ኒውትሪኖ በብዛት ቢመጣ በተለመደው ውህደት ሊብራራ አይችልም። አስቸጋሪ ሆኖ የሚቀረው ከሕዋ የሚመጣው ኮስሚክ ጨረር የፀሐይን ከባቢ ሲመታ የሚወለደው ኒውትሪኖ ነው፤ ይህም እጅግ ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ «አልታየም» የሚለው መልስ ወደ ትርጉም ያለው ቁጥር ይለወጣል። በፀሐይ ዕድሜ ርዝመት ምክንያት የሚያዘው መጠንና የሚጠፋው መጠን ተመጣጥነዋል ብለን ከወሰድን፣ የኒውትሪኖው ጣሪያ (ሊኖር የሚችለው ከፍተኛ መጠን) በቀጥታ ጨለማ ቁስ ከፕሮቶን ጋር የሚጋጭበት ዕድል ጣሪያ ይሆናል። ያ ቁጥር ደግሞ ፒኮ የተባለው በካናዳ ከመሬት በታች የሚገኝ ዳሳሽ በሌላ ዘዴ ካወጣው ቁጥር ጎን ለጎን ሊቀመጥ ይችላል። ግጭቱ በስፒን (ቅንጣቶች በተፈጥሯቸው ባላቸው የመሽከርከር መሰል ጠባይ) ላይ የሚመሠረት ከሆነ ፀሐይ አብዛኛዋ ሃይድሮጅን በመሆኗ ቴሌስኮፖቹ ጠንካራ ተፎካካሪዎች ናቸው፤ በስፒን ላይ ካልተመሠረተ ግን የዜነን ዳሳሾች ብዙ ርቀው ስለሚመሩ እዚያ ሜዳ ላይ መድከም አያዋጣም።

ድክመቱንም መናገር ይገባል። ከአንድ ቴራ ኤሌክትሮንቮልት በላይ የሆነ ኒውትሪኖ በፀሐይ ውስጥ ራሱ እየተዋጠ ይሄዳል፤ ዝቅ ባለ ጉልበት ደግሞ ሙዮኑ ከኒውትሪኖው አቅጣጫ በጥቂት ዲግሪዎች ያፈነግጣል፤ የፀሐይ ክብ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ሆና ሳለ የምንፈልገው ከዚያ በብዙ በሚሰፋ ክልል ውስጥ ነው። ይህም ሆኖ ተማሪውን የሚያግዘው መረጃ ተለቋል። አይስኪዩብ በ79 ኬብሎች በሠራበት ዘመን ለዚሁ ፍለጋ የተሰበሰቡት ክስተቶች፣ እያንዳንዱ ከፀሐይ ምን ያህል ዲግሪ እንደራቀ ጭምር፣ ኑላይክ ከተባለው ፕሮግራም ጋር ለማንም ክፍት ናቸው፤ ዳርክሱሲ የተባለው ነጻ ፕሮግራምም የጨለማ ቁሱን ስሌት ይሠራል።

ባለ አንድ ዋልታው ማግኔት

ማግኔትን ለሁለት ብንሰብረው ሁለት ማግኔት እንጂ ሰሜንና ደቡብ ተለያይተው አናገኝም። ፖል ዲራክ እ.ኤ.አ. በ1931 እንዳሳየው ግን በዓለም ላይ አንድ እንኳ ባለ አንድ ዋልታ ማግኔት ቢኖር የኤሌክትሪክ ሙል ለምን በተወሰነ መጠን ብቻ እንደሚገኝ ይብራራል። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 ጄራርድ ቶፍትና አሌክሳንደር ፖልያኮቭ በየፊናቸው የተዋሐዱ የኃይል ንድፈ ሐሳቦች ይህን ቅንጣት የግድ እንደሚወልዱት አሳዩ። በፊዚክስ ከተጠነሰሱት ሐሳቦች ይህን ያህል የሚማርከኝ ጥቂት ነው፤ ለዚህም ነው ተማሪዎቼን ስለ እሱ ሳስጠነቅቅ ራሴንም የማስጠነቅቀው።

ለቴሌስኮፕ ሲታይ ሞኖፖል (ባለ አንድ ዋልታው ማግኔት) የማይሳት እንግዳ ነው። መግነጢሳዊ ሙሉ ከኤሌክትሮን ሙል 68.5 እጥፍ ጋር ስለሚነጻጸር፣ በበረዶ ውስጥ በተመሳሳይ ፍጥነት ከሚሮጥ ሙዮን 8,000 ጊዜ ያህል የበለጠ ቼረንኮቭ ብርሃን ይለቅቃል፤ ይህ የሚሆነው ፍጥነቱ የብርሃንን ፍጥነት 76 በመቶ ሲያልፍ ነው። ዘገምተኛው ደግሞ በሌላ መንገድ ይታወቃል፤ ከብርሃን ፍጥነት አንድ ሺኛ ብቻ የሚጓዝ ሞኖፖል አንዱን ኪሎሜትር በረዶ ለማቋረጥ ከ3 ሚሊሰከንድ በላይ ይወስዳል፤ ሙዮን ግን በ3 ማይክሮሰከንድ ገደማ ያልፈዋል። በአንዳንድ ንድፈ ሐሳቦች መሠረት እንዲህ ያለው ዘገምተኛ ሞኖፖል በመንገዱ ያገኛቸውን ፕሮቶኖች እያፈረሰ ብልጭታ በብልጭታ እየረጨ ይሄዳል።

መለኪያው የጋላክሲው መግነጢሳዊ መስክ ነው። ዩጂን ፓርከር እንዳስረዳው ሞኖፖሎች ከመጠን በላይ ቢበዙ ይህን መስክ እየመጠጡ ያጠፉት ነበር፤ መስኩ ግን አለ። አይስኪዩብ በስምንት ዓመት ዳታ ያወጣው ጣሪያ ለፈጣኖቹ ሞኖፖሎች ከፓርከር ጣሪያ በሺዎች እጥፍ ያነሰ ነው፤ በራሴ ስሌት ስመነዝረው፣ አንድ ስኩዌር ኪሎሜትር ስፋት ባለው ዒላማ በዓመት ከሁሉም አቅጣጫ የሚያልፈው ፈጣን ሞኖፖል ቢበዛ አንድ ያህል ነው። ለመሆኑ ከዚህ በታች ወርዶ አንድ ተማሪ ብቻውን ምን ሊጨምር ይችላል? ዳሳሾቹ እንዲህ ባለ ብርሃን ሲጥለቀለቁ ምን እንደሚመዘግቡ የሚያሳየው ዝርዝር ሲሙሌሽን (በኮምፒውተር የሚሠራ አስመስሎ ስሌት) ያለው አይስኪዩብን በጋራ በሚያካሂደው ትብብር አባላት እጅ ነው፤ ያለ እሱ ደግሞ ፍለጋው አይጀመርም። ከዚያም ባሻገር ይህ ዘርፍ አንድ የሚያቃጥል ትዝታ አለው፤ ብላስ ካብሬራ እ.ኤ.አ. የካቲት 14 ቀን 1982 በስታንፎርድ በሠራው መሣሪያ አንድ ፍጹም የሚመስል ምልክት መዝግቦ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በትልልቅ መሣሪያዎችም ቢሆን ሁለተኛ አልመጣም።

አራተኛው ኒውትሪኖ

በሰርን የተካሄደው የዜድ ቅንጣት ልኬት ቀላል ክብደት ያላቸው ተራ ኒውትሪኖዎች ሦስት ብቻ መሆናቸውን ዘግቷል። እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1998 በሎስ አላሞስ የተሠራው ኤልኤስኤንዲ የተባለው ሙከራ ግን በሦስቱ ሊብራራ የማይችል ትርፍ ኒውትሪኖ አየሁ አለ። መፍትሔ ሆኖ የቀረበው ከማንኛውም ቁስ ጋር የማይጋጭ፣ ራሱን በሌሎቹ ውስጥ በመቀላቀል ብቻ የሚገልጥ አራተኛ ኒውትሪኖ ነው፤ ስቴራይል ይሉታል፣ መካን እንደ ማለት ነው።

አይስኪዩብ ይህን የሚፈትነው ምድርን በመጠቀም ነው። የስቴራይሉ ክብደት ኤልኤስኤንዲ በጠቆመው መጠን ከሆነ፣ ከሰሜን ንፍቀ ክበብ ከባቢ አየር ተነሥተው ምድርን ሰንጥቀው የሚመጡ በቴራ ኤሌክትሮንቮልት የሚለኩ ፀረ ሙዮን ኒውትሪኖዎች፣ በምድር ውስጥ ባለው ቁስ ምክንያት በልዩ ኃይል ወደ ስቴራይል ይለወጡና ከቆጠራው ይጎድላሉ። ከጎንደር ሰማይ ላይ የሚወለዱትም ኒውትሪኖዎች በዚህ ቆጠራ ውስጥ አሉበት፤ የመረጃው ምንጭ ከአናታችን በላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የአንድ ዓመት ጥናት 20,145 ሙዮኖችን ቆጥሮ ጉድለቱን አላየም። በ2020 ደግሞ በስምንት ዓመት 305,735 ክስተቶች ሲመረመሩ ስቴራይል ያለበት ሞዴል ከሌለበት ትንሽ የተሻለ ገጥሞ ተገኘ፤ ሆኖም ስቴራይል ባይኖርም እንዲህ ያለ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድሉ 8 በመቶ ስለሆነ ማንም ግኝት ብሎ አልጠራውም። እዚህ ላይ የተማሪው ዕድል የሚሰፋው የ2016ቱ ዳታ ከነሲሙሌሽኑ በመለቀቁና ኒውትሪኖ በምድር ውስጥ ሲጓዝ የሚለዋወጥበትን ሂሳብ የሚሠራው ኑስኩዊድስ የተባለው ፕሮግራም ነጻ በመሆኑ ነው። የሚከብደው ሌላ ነው፤ የምንፈልገው ጉድለት ጥቂት በመቶ ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ የበረዶው ጥራት፣ የዳሳሾቹ ንቃት፣ በከባቢ አየር የሚወለዱትና ሲበሰብሱ ኒውትሪኖ የሚሰጡት ፓዮንና ካዮን የተባሉ ቅንጣቶች ምጣኔ፣ እያንዳንዳቸው ያንኑ የሚያህል ጉድለት መስለው ሊቀርቡ ይችላሉ። የዚህ ጥናት ዘጠኝ አሥረኛው ሥራ ቅንጣቱን መፈለግ ሳይሆን ስሕተትን ማሳደድ ነው፤ ለዚህ ትዕግሥት ያለው ተማሪ አለ፣ የሌለውም አለ።

ጥንድ ዱካ

አራተኛውን በአጭሩ ላልፈው። እጅግ ከፍተኛ ጉልበት ያለው ኒውትሪኖ ከምድር ጋር ሲጋጭ ሁለት ከባድና ዕድሜያቸው የረዘመ ቅንጣቶችን ሊወልድ ይችላል የሚሉ ንድፈ ሐሳቦች አሉ፤ ጥንዶቹ ጎን ለጎን ረጅም ርቀት ተጉዘው በቴሌስኮፑ ውስጥ እንደ ሁለት ትይዩ መስመሮች ይታያሉ። ሐሳቡ ውብ ቢሆንም የሚጠበቀው ቁጥር እጅግ ጥቂት ስለሆነ ሙሉ የመመረቂያ ጽሑፍ አይሸከምም፤ የኤሌክትሮንን ሙል ሲሶ ብቻ ተሸክሞ ከሙዮን ብርሃን አንድ ዘጠነኛውን የሚለቅቀውን ቅንጣት መፈለግም እንዲሁ ከውጭ ሆኖ የሚሞከር አይደለም።

ምርጫው

በእኔ ግምት ሁለት ዓመትና አንድ ላፕቶፕ ላለው ተማሪ የፀሐዩ ጨለማ ቁስ ይቀድማል። ዳታው ክፍት ነው፣ ስሌቱ በክፍል በክፍል ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋ የሚጠፋው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ነው፣ የሚወጣው ጣሪያም በሌላ መሣሪያ ከወጣ ቁጥር ጋር ይወዳደራል። ስታቲስቲክስ የሚወድና አማካሪው በዚያ የሚረዳው ተማሪ ስቴራይሉን ቢመርጥ አልቃወምም፤ እንዲያውም ለሦስተኛ ዲግሪ የሚያዘጋጅ ሥልጠና ከሆነ ይሻላል። ሞኖፖልን ግን ወደ ትብብሩ አባል ዩኒቨርሲቲ ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው ብቻ ይያዘው፤ ጎንደር ተቀምጦ የሚፈልገው ተማሪ ዞሮ ዞሮ የሌሎችን ሥራ ሲተርክ ይገኛል።

አንድ ነገር ላክል። አዲስ ዜና በተሰማ ቁጥር ርዕስ የሚቀይር ተማሪ አይመረቅም። አኒታ የተባለው በአንታርክቲካ ላይ በባሉን የተንሳፈፈ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2014 ከምድር ሆድ የወጡ የሚመስሉ ሁለት እንግዳ ምልክቶችን ሲመዘግብ ብዙ አዲስ ቅንጣት በወረቀት ላይ ተወለደ፤ አይስኪዩብ በዚያ አቅጣጫ ቢፈልግ ግን የሚደግፍ ነገር አላገኘም። ኬኤምስሪኔት በየካቲት 6 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2023) 220 ፔታ ኤሌክትሮንቮልት ያህል ጉልበት አለው የተባለ ኒውትሪኖ ሲይዝም እንዲሁ ሆነ። ሁለቱም ዜናዎች ትልቅ ናቸው፤ ነገር ግን አንድና ሁለት ክስተት የተማሪን ሁለት ዓመት አይሸከምም።

ፀሐይን የመረጠ ተማሪ ከ79ኙ ኬብሎች ዳታ በፊት ለመለማመጃ አይስኪዩብ የለቀቀውን የአሥር ዓመት የሙዮን ዱካ ዳታ፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2018 የተመዘገቡትን 1,134,450 ክስተቶች ያውርድ። በደቡብ ዋልታ ፀሐይ በአንድ ቀን ውስጥ ከፍታዋን ሳትለውጥ በአድማስ ዙሪያ ስለምትዞር፣ የክስተቶቹን የዙሪያ አቅጣጫ በዘፈቀደ በማዘዋወር ብቻ ምልክት የሌለበት ቆጠራ ከዚያው ዳታ ይገኛል። በመጀመሪያው ወር የሚሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ በፀሐይ ዙሪያ ያለውን ቆጠራ ከተዘዋወረው ጋር ማስተያየት። ሁለቱ ካልገጠሙ አዲስ ቅንጣት ተገኘ ከማለት በፊት ሰዓቱ ይመርመር፤ ዳታው የተጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲሆን የእኛን የሦስት ሰዓት ልዩነት የረሳ ፕሮግራም ፀሐይን 45 ዲግሪ አዙሮ ያስቀምጣታል።